ምክንያት የማይጠየቅበት ስብሰባ

በየካቲት ወር አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በሃማሶኤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ባለው ዜብራ ላይ አንዲት ሴት መኪና ማስቆሚያ ቢጫ ባንዲራ ይዛ ብቻዋን ቆማ ነበር። ልጆቹ ገብተው አልቀዋል። ደወሉ ሊደወል ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። የዕለቱ ተረኛ የነበረችው ወላጅ ባንዲራዋን ጠቅልላ ከሄደች ቆይታለች። ሴትየዋ ግን የዝናቡ ውኃ ከጃንጥላዋ ጫፍ ጫማዋ ላይ እየወረደ ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች።

አውቶቡስ መጠበቂያው ሥር የተጠለለ አንድ ጎረቤቷ ምን እንደምትጠብቅ ግራ ገብቶት ሲያያት፣ ትንሽ ነጭ መኪና ማዶ ጥጓን ይዛ ቆመች። አንድ ልጅ ወረደ። መሪውን የያዘችው እናቱ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች። ሴትየዋ ባንዲራውን ዘርግታ የሚመጣውን የጭነት መኪና አስቆመችና ልጁን አሻገረችው።

"ሩጥ ሪንታ፣ ትደርሳለህ!"

ከዚያ ወደ ነጯ መኪና ዞራ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። መኪናዋ ሄደች።

ጎረቤትየው ዕለቱ ዓርብ መሆኑን አሰበ። የሴትየዋ ተራ ግን ማክሰኞ ነው።

ሂሮኤ ኩሱሞቶ ትባላለች። በትምህርት ቤቱ አካባቢ ግን "የቺዙ እናት" ናት፤ እዚያ ማንም ወላጅ በራሱ ስም አይጠራም። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ወደቡ አጠገብ የተፈጨ ዓሣ እየጠፈጠፉ በሚጠብሱበት ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ የዘይቱ ሽታ ታጥባም ከፀጉሯ አይለቅም። ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ዕጣው እሷ ላይ ወጣና የወላጅ መምህር ኅብረቱ የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች።

በሃማሶኤ ደንብ እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ በሚማርበት ስድስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኅብረቱ ኃላፊነት ላይ ማገልገል አለበት። አልችልም የሚል ሰው በየካቲቱ ስብሰባ ተነሥቶ በሁሉም ፊት ምክንያቱን ይናገራል። የተቀሩት በጭብጨባ ይቀበሉታል። ይህ መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ነገር ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ በሚተላለፍ አንድ ወፍራም የርክክብ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ሰብሳቢው ቆሞ የሚያነበው ቃል እንኳ ሳይቀር ተጽፏል።

ባለፈው ዓመት አራት ሰዎች ተነሡ። ሦስተኛዋ የሪንታ እናት ነበረች። "አልችልም። ይቅርታ አድርጉልኝ" ብላ ልትቀመጥ ስትል፣ ሂሮኤ መዝገቡን አየችና አነበበች፤ "እባክዎ ሌሎች ወላጆች እንዲረዱዎት ምክንያትዎን ይግለጹ።"

ሴትየዋ ለመቀመጥ ወንበሯን ሳበች። ሂሮኤ ያልተሰማት መስሏት እንደገና አነበበችላት።

ያን ጊዜ የሪንታ እናት ተናገረች። አጭር ነበር። ያለቀሱ ነበሩ። ሂሮኤ ግን መዝገቡ ላይ የቀጣዩ መስመር ተራ ደርሶ ነበርና፣ "የምትቀበሉ በጭብጨባ ግለጹ" አለች። አጨበጨቡ። ሠላሳ ሰው፣ ደንቡ ነውና፣ ለዚያች ሴት ኀዘን አጨበጨበ። ማታውኑ ሂሮኤ ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረችው፤ ይህም ደንብ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሪንታ እናት ትምህርት ቤቱን ረግጣ አታውቅም። ልጇን ሌሎች ወላጆች ከሄዱ በኋላ ታደርሰዋለች። በስፖርት ቀን የሪንታ እናት ከአጥሩ ሽቦ ውጭ ቆማ ልጇ ሲሮጥ ስታይ ሂሮኤ አየቻት። ልጁ ሁለተኛ ወጣ። እናቱ እጆቿን ወደ ላይ አነሣች፣ ሊያጨበጭቡ ተቃረቡ፣ ከዚያ ቀስ ብላ አወረደቻቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሂሮኤ ተራዋ ሳይሆን ባንዲራ ይዛ ወጣች።

የሥራ ዘመኗ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ዓመት ተጨምሮላት የዘንድሮውን የየካቲት ስብሰባም ራሷ ልትመራ ጠየቀች።

"ጤና የለሽም እንዴ?" አለ ብርቱካን በጭነት መኪና የሚያመላልሰው ባሏ። "ሰው ከዚህ ሥራ ለማምለጥ ሆስፒታል ይተኛል፤ አንቺ ድገሙኝ ትያለሽ!"

"ያበላሸሁት ነገር አለ።"

"ያንን መዝገቡ ነው ያበላሸው።"

"ያነበብኩት እኔ ነኝ" አለች።

የስብሰባው ቀን ወላጆቹ በልጆቻቸው ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሂሮኤ መዝገቡን ሳትከፍት ቆመች። ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ምክንያቱን እንዳይጠየቅ፣ አልችልም ማለቱ ብቻ እንዲበቃ ሐሳብ አቀረበች።

የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ወይዘሮ ታኪሞቶ ወዲያው ተነሣች።

"የቺዙ እናት፣ ልጠይቅሽ። ከሦስት ዓመት በፊት አማቴ አልጋ ላይ ሳለች እዚህ ቆሜ የዳይፐሯን ነገር ሳይቀር ተናግሬያለሁ። የተጨበጨበልኝ በግማሽ ልብ ስለነበረ አፍሬ ሥራውን ተቀበልኩ። እሷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ የትምህርት ቤቱን የመዋኛ ገንዳ ስጠብቅ ከረምኩ። ታዲያ ለእኔ ያልተደረገው አሁን ለማን ሊደረግ ነው?"

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቷን ነበር።

"እኔ ደግሞ ምክንያት አለኝ" አለ ከወንዶች ብቻውን የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ኦኩዳ። "ሚስቴ 'ሄደህ ካልተቀመጥክ እራት የለም' አለችኝ። አጨብጭቡልኝ!"

"አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ!" አለችው ወይዘሮ ታኪሞቶ፤ ሳቋን ግን አልያዘችውም።

ሳቁ ሲበርድ ሂሮኤ ወደ ወይዘሮ ታኪሞቶ ዞረች። "ያን ቀን እኔም እዚህ ነበርኩ" አለቻት። "በግማሽ ልብ ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ። 'እኔ የምሠራውን እሷ ለምን አትሠራም' ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። አምና ደግሞ አንዲት እናት አንደበቷ እየተሳሰረ አስለፈለፍኳት፤ ከዚያም እናንተን አስጨበጨብኳችሁ። እጄ እስከ ዛሬ ያፍራል። ልጆቻችንን 'ሰው የማይፈልገውን አታስገድዱ' እያልን በዚሁ ክፍል ውስጥ እኛ..."

ወይዘሮ ታኪሞቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ "ሥራውን ታዲያ ማን ይሠራዋል? የትምህርት ቤቱ ግቢ አረም በይቅርታ አይነቀልም" አለች።

"እንበታትነው" አለ ኦኩዳ፣ አሁን ሳይቀልድ። "አንድ ሰው ዓመት ሙሉ የሚሸከመውን ሠላሳ ቦታ ብንከፍለው? አንዱ አንድ ጠዋት ባንዲራ ይይዛል፤ አንዱ አረም ይነቅላል፤ አንዱ ቤቱ ሆኖ የክፍሎቹን መጋረጃ ያጥባል። ወረቀት ይበተን፣ ሰው የሚችለው ላይ ምልክት ያድርግ።"

"ለአንድ ዓመት ብቻ" አለች ወይዘሮ ታኪሞቶ። "አረሙ ከበዛ ሁሉንም ነቅዬ በራፍሽ ላይ ነው የምከምረው፣ የቺዙ እናት።"

"እቀበላለሁ።"

ምክትል ርእሰ መምህሩ እንደ ልማዱ፣ "እንግዲህ በጭብጨባ..." ብሎ ሲጀምር፣ ሂሮኤ "አይ፣ እባክዎ፤ እጅ ይውጣ" አለች። ሐሳቡ በአራት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ወይዘሮ ታኪሞቶ እጇን ያወጣችው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ያወጣችውም እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ነው።

ወረቀቶቹ በልጆቹ ቦርሳ ወደየቤቱ ሄዱ። በሳምንቱ ከሪንታ ቦርሳ አንዱ ተመለሰ። የእናቱ ስም አለበት፤ ምሳ የሚያድሉ ልጆች የሚለብሱትን የተቀደደ ሽርጥ ቤት ወስዶ መስፋት የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ሌላ አንድም ቃል የለም። ሂሮኤ ወረቀቱን ይዛ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ተቀመጠች። መዝገቡን ለቀጣዩ ሰብሳቢ ለኦኩዳ ስታስረክብ አንድ ገጽ ጎድሎ ነበር። ያንን ገጽ የት እንዳደረገችው የጠየቃት የለም።

ይህን ሁሉ ለዚያ በዝናብ ላያት ጎረቤቷ የነገረችው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በራፏ ላይ የዓሣ ጥብስ ስታቀምሰው ነው። ጎረቤቷ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ፣ ንባብን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ሰምቶ ሲጨርስ፣ ለሰው የበደለውን የሚያቃናበት ተጨማሪ ዓመት የሚሰጥ አምላክ ይመስገን አለ፤ ታሪኩንም ሊጽፈው እንደሚፈልግ ነገራት።

"ስለ ዓሣ ጠባሽ ማን ያነባል?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። ጎረቤቷ፣ ማለትም ይህን የጻፈው ሰው፣ ጽዋውን አስቀምጦ አዳመጣት።

"ይጻፉ፣ ግድ የለኝም። የኔን ስምም ይጻፉ፤ ጥፋቴንም አይደብቁልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ቅድም የነገርኩዎትን፣ የሪንታ እናት ያን ቀን ያለችውን፣ ለማንም መንገር አልነበረብኝም፤ ብቻዬን መያዝ አቅቶኝ ነው። እባክዎ፣ እሱን አይጻፉት።"