ሳይተረጎም የቀረው ቃል

ጋሼ ልኬ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህ የእናት አባቱ ስም አይደለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቸኩሎ "በግምት ቁረጠውና ልሂድ" ሲለው፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ "በግምት የሚሰፋው መገነዣ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቱ ስለማያማርር ነው" ይላል። ሰውየው ሳይወድ በግዱ ይለካል። ሰፈሩም በዚሁ ስም አወጣለት።

እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር ይባላል። ይህ ስለ ብዙ ሰው ይባላል፤ ስለ እሱ ግን በምን እንደተጀመረ ይታወቃል። ሱቁ ውስጥ፣ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች ጀርባ፣ ካውያ ይዛ የምትቆም አንዲት ወጣት ነበረች። ልብስ ተኳሿ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እሁድ እሁድ እሱ ወደሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ትመጣና ከኋላ ተቀምጣ የመጋቢውን አፍ ስታይ ትቆያለች። ሰው ሲነሣ ትነሣለች፣ ሰው ሲቀመጥ ትቀመጣለች። አንድ እሁድ ጉባኤው ሲያለቅስ እሷም አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ልኬ የጨርቅ መቁረጫ ወረቀት ላይ "ትናንት ምን አስለቀሰሽ?" ብሎ ጻፈላት። ካውያውን አቁማ መልሱን ጻፈችለት። "ሰው ሲያለቅስ አይቼ ነው። ምን ተብሎ ነበር?"

ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችው። በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ እየዘጋ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረ። ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ በደረሰበት ትንሽ ወንበር ላይ፣ ሁለት ዓመት ተማረ። ከዚያ አንድ እሁድ ከመድረኩ ሥር ቆሞ ስብከቱን በእጁ ለአንዲት ሴት ተረጎመ። "እግዚአብሔር ይወዳችኋል" ሊል "እግዚአብሔር ይተኩሳችኋል" አለና ልብስ ተኳሿ በሣቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። ስብከቱ ስለ ፍርድ ቀን ስለነበር ነገሩ ያን ያህልም አልራቀ።

ወሬው ተሰማ። አንዷ ሦስት ሆነች፣ ሦስቱ ስምንት፣ በኋላ ሃያ ሦስት።

በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷ አፏን ስትፈታ እጇንም አብራ ፈታች። ጉንጯ ላይ ስርጉድ ስለነበራት ልብስ ተኳሿ ጉንጭን በጣት ነካ የሚያደርግ ስም አወጣችላትና ቤትም፣ ሰፈርም "ስርጉድ" እያለ ቀረ። በዐሥር ዓመቷ አባቷ ጉንፋን ሲይዘው ተክታው ትቆም ነበር። የጎደለው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጋሼ ልኬ የቤቱ ሰው አይደለም፤ አንዱን ሐኪም ቤት፣ አንዱን ፍርድ ቤት፣ አንዷን ልጇን ልታስመዘግብ ይዟት ይሄዳል። እናትየዋ "ባሌን ለስምንት ሰው አከራይቼዋለሁ፤ ሲያረጅ ይመልሱልኛል" እያለች ትስቅ ነበር።

አላረጁም አብረው። ስርጉድ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት እናቷ በልብ ሕመም አልጋ ያዘች። በአራተኛው ወር አንድ ቀን ስርጉድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤታቸው በር ላይ ጠብቃ አቀፈቻት፤ ያኔ ነገሩ ገባት። ቤት ውስጥ አባቷ የለም። እናቷ ስትሞት አጠገቧ የነበረችው ጎረቤቷ ብቻ ናት።

ጋሼ ልኬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። እጁ የሆስፒታል ሳሙና ይሸታል። በሩ ላይ ቆሞ ቤት የሞላውን ሰው አየ፤ ከዚያ አልጋውን።

"የት ነበርክ?" አለችው ስርጉድ።

"ሆስፒታል። ሰው ምጥ ላይ ሆና አስተርጓሚ ፈልገው።"

"እማዬስ?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የሚስቱን እግር ብርድ ልብሱ ላይ ያዘ።

"ከዛሬ ጀምሮ ለእነሱ እጄን አላነሳም" አለች ስርጉድ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እሺ ልጄ" አላት። "እጅሽ ያንቺ ነው።"

ከዚያ በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር ዐሥር ዓመት ኖሩ። ራት ቀርቧል፣ ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። እሷ የስልክ መረጃ መስጫ ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለማታያቸው ሰዎች ታወራለች። ቤት ተከራይታ ወጣች። በወር አንዴ ትጠይቀዋለች። በመጣች ቁጥር የኮቷን ቁልፍ ወይም የቀሚሷን ጠርዝ አይቶ "ነይ ላጥብቅልሽ" ይላል። እሷ "ተወው አባዬ፣ ደህና ነው" ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ሆስፒታል ስትደርስ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አፉም ተይዟል። ባየችው ጊዜ ግራ እጁን ከአንሶላው ላይ አነሣ። በአንድ እጅ የሚባለው ጥቂት ነው፤ "ልጄ" የሚለውን ለየች፣ ቀጥሎ ያለው ተቆራረጠባት። ደግሞ ሞከረው። ገና ተስፋ ሳይቆርጥ እሷ ጎንበስ ብላ "አትድከም አባዬ፣ ነገ ትነግረኛለህ" አለችው። በአፏ ነው ያለችው። እጇ ቦርሳዋን እንደያዘ ነበር።

ነገ አልነበረም።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ሃያ ሦስቱ ከፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ እንደ ወትሯቸው ተቀመጡና ከመድረኩ ሥር ባዶውን ቦታ እያዩ ጠበቁ። ማንም አልቆመም። መጋቢው የሕይወት ታሪኩን አነበበ፤ መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ዓመት ሰፋ። እነሱ መጋቢውን ያያሉ፣ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያደርስላቸው የኖረው ሰው ሞቶ፣ ስለ እሱ የተባለው አልደረሳቸውም።

ልብስ ተኳሿ ተነሣች። ፀጉሯ ሸብቷል። መድረኩ ላይ ወጣች፣ ፊቷን ወደ ሰው አዞረችና በእጇ መናገር ጀመረች።

መጋቢው ግራ ገባው። "እህታችን ምን እያለች ነው? የሚያውቅ ሰው አለ?"

አክስቷ ስርጉድን ጎሸመቻት። "አንቺ ታውቂ የለ እንዴ! ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ስርጉድ በተቀመጠችበት ቦታ ተነሣች። ዓይኗን የልብስ ተኳሿ እጅ ላይ ተከለች።

"እኔ" አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፤ "እኔ የጋሼ ልኬ ሱቅ ልብስ ተኳሽ ነኝ። እግዚአብሔር ድምፅ እንዳለው አውቅ ነበር፤ ምን እንደሚል የነገረኝ ግን እሱ ነው።"

የልብስ ተኳሿ እጆች አልቸኮሉም፤ ስርጉድ እንድትደርስባት ይጠብቋታል።

"የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት ምጥ ያዘኝ። ልጄ ተገልብጣ ነበር። ሐኪሞቹ ሆዴን ሊቀድዱ ሲዘጋጁ ምን ሊያደርጉኝ እንደሆነ አላወቅኩም፤ ልሞት ነው ብዬ ታገልኳቸው። ወረቀት ልከው እሱን አስጠሩት። መጣ። ማደንዘዣው እስኪወስደኝ ድረስ ፊቴ ቆሞ የሚሉትን ሁሉ ነገረኝ። ልጄ ይህችው።" እንደ እናቷ የማትሰማ አንዲት ወጣት ከፊት ወንበር ተነሥታ ወደ ሰዉ ዞረች።

"ያን ቀን ሚስቱ እየሞተች እንደነበር አልነገረኝም።"

ስርጉድ ይህን ስትል ድምፅዋ ወረደ።

"ከሦስት ዓመት በኋላ ከሰው ሰማሁ። ሱቁ ውስጥ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንሥቶኝ እንዲህ አለኝ፤ 'ወረቀቱ ሲመጣ ለሚስቴ አነበብኩላት። አልሄድም አልኳት። ሂድ፣ እኔ ዛሬ ደህና ነኝ፤ ያቺ ምስኪን ምን እንደሚያደርጓት ሳታውቅ ልትቀደድ ነው እንዴ? ብላ እሷ ናት የሰደደችኝ።'"

ስርጉድ ወንበሩን ያዘች። እናቷ ሂድ ብላ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ይህን የነገራት የለም።

ልብስ ተኳሿ ቀጠለች። አሁን ሰዉን ትታ ስርጉድን ብቻ ታያለች። "ለልጅህ ለምን አልነገርካትም? አልኩት። እሱም፣ 'ብነግራት በእናቷ ትቀየማለች፤ እያወቀች ለምን ትታኝ ሄደች ትላለች። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። እኔ አለሁ፤ እኔን ትቆጣ' አለኝ።"

ስርጉድ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። መጋቢው ጠበቀ፣ ሰዉም ጠበቀ።

"ምን አለች እህታችን?" አለ መጋቢው በቀስታ።

"አመሰግነዋለሁ ትላለች" አለች ስርጉድና ተቀመጠች።

ከቀብር መልስ ልብስ ተኳሿን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘቻት። ስርጉድ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር።

"የመጨረሻውን አልተናገርኩትም" አለቻት በእጇ።

"አይቻለሁ። እሱ ለሰው አልነበረም።"

"ሆስፒታል ውስጥ በአንድ እጁ ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር። ነገ ትነግረኛለህ አልኩት።"

ልብስ ተኳሿ የስርጉድን ሁለት እጆች ያዘች፤ እጅ ለእጅ ሲያዙ ደግሞ እነሱ መነጋገር አይችሉም።

የሚቀጥለው እሁድ ስርጉድ ከመድረኩ ሥር ለመቆም ሞከረች። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ አቃታትና ወጣች። አሁን እሁድን የሚያስተረጉመው ከትምህርት ቤቱ የተገኘ ወጣት መምህር ነው፤ እሱም ጎበዝ ነው ይላሉ። ቅዳሜን ግን ስርጉድ ወሰደች።

በስድስተኛው ወር አንድ ሽማግሌ አናጢ ይዛ ሐኪም ቤት ገባች። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ "ካንሰሩ ሳንባውን ሞልቶታል። አሁን የምናደርገው ነገር የለም። ንገሪው" አላት።

አናጢው እጆቿን ያያል። ስርጉድ አባቷን አሰበች፤ ስንት ቅዳሜ እንዲህ ያለውን ወሬ በገዛ እጁ አድርሶ ቤት መጥቶ እንደሆነ፣ እሷን "ጥናቱ እንዴት ነው?" ብሎ እንደሆነ። አንድ ቀንም አልጠየቀችውም።

ነገረችው። አናጢው ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ "ድገሚልኝ" አላት። ቀስ ብላ ደገመችለት። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደቀረው ጠየቃት። ስርጉድ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

"ስንት ጊዜ ቀረኝ እያለ ነው" አለችው። "እባክህ እሱን እያየህ ንገረው።"