አስፋው ክሽክሽ ያረባው ለአሻጥር አልነበረም

የለም፣ አሻጥረኛ አልነበረም! ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት መርዶው ሲነገር ከኋላዬ አንዱ «ያ በደርግ ጊዜ ተባይ ሲያረባ የታሰረው ሰውዬ ነው» ሲል ሰማሁና ምላሴ አላስችል አለኝ።

አስፋው ሞተ ይሉኛል። እንዴት ተደርጎ? ማክሰኞ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አግኝቶኝ ዘንቢሌን ተቀብሎኝ ነበር እኮ! አንድ ነገር ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ታክሲው መጣ።

እኔ ትምህርት ብዙም አልዘለቅኩም፣ ስናገር ስልኩ ነው የሚጽፈው። ከተሳሳተ እሱን ስደቡት።

በደርግ ጊዜ አፍንጮ በር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ተካፍለን እንኖር ነበር። አስፋው ወንደላጤ ነው፣ ሥራው የሰብል ተባይ ማጥናት። ቀበሌው ወንዝ ዳር ጎመን ያስተክለን ነበር። ያን ጎመን ክሽክሽ ወረረው፣ ያ ቅጠል ሥር ተደርድሮ ጭማቂውን የሚመጠው ደቃቅ ተባይ። መድኃኒት ተረጨ፣ አልሞተም። እጥፍ ተረጨ፣ ጭራሽ ተራባ።

አስፋው ብቻውን «አትጨምሩበት» ይላል። ቃሉ ናት እሷ። ወጥ ላይ በርበሬ ሳበዛም «እትዬ ብርቄ፣ አትጨምሪበት»፣ ከጎረቤት ስጣላም «አትጨምሪበት»።

ያልሞቱትን ለቅሞ ቤቱ ወሰዳቸው። በጣሳ ጎመን ተክሎ፣ በሻሽ ሸፍኖ ያረባቸው ጀመር።

«አንተ፣ እኩዮችህ ሚስት ያገባሉ፣ አንተ ክሽክሽ ትቀልባለህ?» አልኩት።

ሳቀና አስረዳኝ። «ዘረመል የሚባል አለ፣ ከወላጅ የሚወረስ ትእዛዝ በይው። ‹መድኃኒቱን የሚያከሽፍ ነገር ሥራ› ብሎ ሰውነትን የሚያዝ አንድ ዘረመል አለ። እነዚህ ያልሞቱት ያንኑ ደጋግመው ገልብጠው ብዙ ቅጂ ይዘዋል፣ ማክሸፊያው ሰውነታቸውን ሞልቶታል። በረጨን ቁጥር ጥቂት ያለውን እንገድላለን፣ ብዙ ያለው ይራባል።»

ውጭ አገር ተደርሶበታል፣ የእኛም እንደዚያው መሆኑን ላሳይ ነው አለ። «ካሳየሁ መርጨቱን ይተዋሉ። ልጆችሽም መርዝ አይበሉም።»

ልጆቼ! ለእኔ ልጆች እኮ ነው የደከመው።

እሁድ ስብሰባ ተጠራ። አስፋው ያን እሁድም መሥሪያ ቤት ስለነበረ አልመጣም። ሊቀመንበሩ «ጎመናችንን የሚያስበላው ማነው?» ብሎ ሲጮህ፣ እኔ ምላሰ ረጅሟ፣ ሰው ላስቅ ብዬ «ምን እኛን ትጠይቃለህ? አስፋው ቤት ሻሽ አልብሶ ይቀልባቸው የለ!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውም እንደ ቀልድ ረሳው። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

ሰኞ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ጣሳዎቹን በጫማቸው ረጋገጧቸው። «የኢኮኖሚ አሻጥር» ብለው ወሰዱት። ሁለት ክረምት ታሰረ። ወንዝ ዳሩም ያው ይረጫል፣ ልጆቼም ያው ይበላሉ።

እኔ ስንቅ አመላለስኩ። ሰው «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!» ይለኛል። ያን ምስጋና እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ተፈቶ መጣ፣ አገባ፣ ሴት ልጅም ወለደ፣ ተባይ የሚባል ግን ዳግም አልነካም። ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ ጡረታ ወጣ። «ማን ጠቆመብህ?» ሲሉት፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ «ማንስ ቢሆን» ይላል። ያውቅ ነበር? አያውቅም ነበር? በየፋሲካው ዛሬስ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ጾም ይፈታል፣ እኔ አልፈታም።

አስፋዬ፣ እኔ ነኝ። ክፋት አልነበረኝም፣ ግን እኔው ነኝ። ካሁን በኋላ ማን ይቅር ይለኛል? ካህን ቢፈታኝ አንተ አልሰማህ!

በሩ ተንኳኳ። «እማማ ብርቄ!» ትላለች። ልጅህ ናት አስፋዬ፣ ድምጿ ተዘግቷል። ለቅሶ ላይ ከአጠገቧ ልታስቀምጠኝ መጥታ ነው፣ አባቷን በእስር ቤት ያበላሁ ብላ። ከሰው አፍ ሳትሰማው እኔ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ታስገባኝ ወይ ታባርረኝ። ደህና ሁን ወንድሜ። አፈሩ ይቅለልህ፣ እኔ ላይ ይክበድ።

መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ።