ሳንታሬሊ ያልዘፈናት ድምፅ

ኤቫሪስቶ ቦኪ ቀን ቀን የአሳማ ጭን በጨው ሲያሽ ይውላል፤ የኦፔራ ወቅት ሲመጣ ደግሞ በፓርማ ቴአትር ቤት ከአጃቢ ዘፋኞቹ መጨረሻ ረድፍ ይቆማል። ድምፁ ቴነር የሚሉት ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ነው፤ ያውም እንዴት ያለ ቴነር! ግን ምን ያደርጋል፣ ለብቻው ሕዝብ ፊት ሲቆም አንዲት ድምፅ አትወጣውም። በኦፔራ ታሪክ ውስጥ ሴቷን የሚያፈቅረው መቼም ቴነር ነው፤ ወፍራም ድምፅ ያለው አባት ወይ ንጉሥ ይሆናል። ኤቫሪስቶ ግን በሃያ ሁለት ዓመት ወታደርና ሰካራም እንጂ አፍቃሪ ሆኖ አያውቅም።

በዚያ ክረምት ዝነኛው ቴነር ሊቪዮ ሳንታሬሊ አፍቃሪውን ሆኖ ሊዘፍን መጣ። መልከ መልካም፣ ጢሙ የተቀባባ፣ ነገር ግን ዶ የሚሏት፣ ከዜማው ሁሉ ከፍ የምትለው ድምፅ ከዳችው። በፓርማ ቴአትር ቤት ሰገነት ላይ የሚቀመጠው ተመልካች ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ አንዲት ድምፅ ብትሰበር በፉጨት ያባርራል። ሥራ አስኪያጁ ኤቫሪስቶን ጠራው።

"ከመጋረጃው ጀርባ ሆነህ ያቺን ዶ ብቻ ልቀቃት። እሱ አፉን ይከፍታል። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፣ ለሚስትህም ቢሆን!"

ኤቫሪስቶ ማለ።

በመጀመሪያው ትርኢት ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሚስቱ ዲርቼ ከሰገነቱ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ጉድ እኮ ነው! ያቺን ድምፅ ሰማሃት? ሰውነቴን ውርር አደረገኝ!"

"ምን አላት?" አለ ኤቫሪስቶ ራቱን በሹካ እየወጋጋ።

"ምን አላት ይለኛል! ቀንተህ ነው እንጂ።"

እውነቷን ነው፣ ቀንቷል። ሰው በገዛ ድምፁ ይቀናል? እንዴታ! የሳንታሬሊን ፎቶ መስታወቱ ጥግ ስትሰካማ ደሙ ፈላ። ልቧ የጠፋው በእሱ በባሏ ድምፅ ነው፤ ዓይኗ የሚያየው ግን የሌላ ሰው ጢም!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ትርኢት ነበር። ኤቫሪስቶ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ደቂቃዋ ስትደርስ አየር ሳበ። ሰገነት ላይ የተቀመጠችው ዲርቼ ትዝ አለችው። "የት አባቱ! ዛሬ ራሱ ይዝፈናት" ብሎ አፉን ገጠመ። ሳንታሬሊ እጁን ዘርግቶ አፉን ከፈተ፤ ሙዚቃው ብቻ ተሰማ። ወዲያው ፉጨቱ ቀለጠ። ኤቫሪስቶ እሰይ ሊል ነበር፤ የሰውየው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ሲያይ ግን ፊቱን አዞረ።

ቤት ሲደርስ ዲርቼ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"ምን ያስለቅስሻል? የእጁን ነው ያገኘው!"

"ዝም በል! ድምፁ ጥሎት የሄደ ሰው የሚሰማውን አንተ በምን ታውቃለህ? ምን ነበረህና ነው የሚጠፋብህ?"

ኤቫሪስቶ ብድግ አለ። ደረቱ በአየር ሞላ። ያቺን ዶ እዚያው ኩሽና ውስጥ ቢለቃት መስኮቱ ይርገፈገፍ ነበር። ዲርቼም ወዲያው ታውቃት ነበር፤ የማን እንደነበረች፣ ዛሬም ማን እንደዋጣት። የሳበውን አየር ቀስ አድርጎ ተነፈሰው።

"ልክ ነሽ" አላት። "ምንም አልነበረኝም።"