«ልጄን ከጦጣ ጋር?»

ይህ የሆነው ጂንካ ተመድቤ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ዓመታት ቢያልፉም፣ ያን ቀን የደነገጥኩትም የሳቅኩትም አይረሳኝም።

በአንድ ግቢ አብረን የተከራየን ጎረቤቴ ብርቱካን ከጎፋ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ልጇ መክሊት ስድስት ዓመት ሞልቷት አንዲት ቃል አልተናገረችም ነበር። ሐኪም «ኦቲዝም ነው» ቢላትም፣ የሰፈሩ ሰው «እርግማን ነው» እያለ ያሳቅቃታል።

አንድ እሑድ ከቸርች ስትመለስ፣ «ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ነገር በሚገባኝ አስረዳኝ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። የማስተምርበትን መጽሐፍ ይዤ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥን። መክሊት አጠገባችን ሙዝ እየበላች ነው። የሰውንና የጦጣን አንጎል ሥዕል ገለጥኩ።

«የጦጣ አንጎል ቶሎ ይበስላል። የሰው ግን ሴሎቹ እርስ በርስ ለመያያዝ ብዙ ዓመት ይፈጅባቸዋል። አንዳንድ ልጆች ላይ ደግሞ አያያዛቸው ለየት ይላል...»

አላስጨረሰችኝም። ብድግ አለች።

«ልጄን ከጦጣ ጋር ነው የምታወዳድራት? የሰፈሩ ወሬ አነሰኝና?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ያንቺም የማንም ጥፋት አይደለም፣ የአንጎሏ ዕድገት ነው ለማለት ነው» እያልኩ ስለምናት፣ አንዲት ጦጣ ከማንጎው ላይ ዱብ ብላ የመክሊትን ሙዝ መንትፋ ወደ ላይ ወጣች።

መክሊት ቀና አለች። እጇን ዘርግታ ግቢውን በሚያናውጥ ድምፅ፣ «አምጪ!» አለች።

ብርቱካን በሹክሹክታ፣ «ማን ነው የተናገረው?» አለችኝ።

«አምጪ!» ደገመችው መክሊት።

እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ልጇን አቅፋ አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ ሳቅ አፈናት፤ እኔም ተከተልኳት። ጦጣዋ በልታ ስትጨርስ ልጣጩን ላያችን ላይ ጣለችልን።

ጦጣዋ ፈወሰቻት አልልም። ቃሉ ውስጧ ሲበስል ቆይቶ ይሆናል። ከዚያ በኋላም ቃላቱ የመጡት ቀስ በቀስ ነው፤ አሁንም ካልፈለገች አትናገርም።

በቅርቡ ብርቱካን ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ ጉድ ስማ! መክሊት ዛሬ ተቆጣችኝ!»

«ምን ብላ?»

«‹እማዬ፣ አትጨቅጭቂኝ!› አለችኝ!»

በልጇ ቁጣ እንዲህ የፈነደቀች እናት አይቼ አላውቅም። ያን ፊቷን ባሰብኩ ቁጥር፣ መንገድ ላይም ብሆን፣ ብቻዬን እስቃለሁ።