የጋሽ ዘሥላሴ ሽልማት

ጋሽ ዘሥላሴን ያወቅኳቸው የአባቴን በርኖስ ላሳድስ ደብረ ብርሃን ሱቃቸው ሄጄ ነው። በርኖስ መስፋት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ያን ቀን ግን ሥራ አልነበራቸውም። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ «የዓመቱ ምርጥ» የሚል ዋንጫ መስኮቱ ላይ ካስቀመጠ ወዲህ ገበያው ወደሱ ዞሯል።

ቁጭ እንዳልኩ ስልካቸው ጮኸ፤ ላውድ ላይ አደረጉት። አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ እሳቸውም ለሽልማት እንደተመረጡ ነገረቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሠናይት «እሺ በላት እንጂ» ብለው ጎሸሟቸው።

«በምንድን ነው ያሸነፍኩት የኔ ልጅ?»

«እሱን እርስዎ ይመርጣሉ። የበጋ ልብስ ዘርፍ ገና አልተያዘም።»

«በርኖሴን ማን ለብሶ አየው?»

«ዳኞቻችን በፎቶ አይተውታል።»

«በፎቶ ሞቃቸው?»

ልጅቷ መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። እትዬ ሠናይት «በል እንግዲህ፣ ባዶ መስኮታችንን ታቅፈን እንቀመጥ» አሉ።

ጋሽ ዘሥላሴ የአባቴን በርኖስ አገላበጡት። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፉት እሳቸው ናቸው። አባቴ ጣርማ በር ላይ በግ ሲያረባ ክረምት ከበጋ ለብሶታል፤ የለቀቀው የአንገቱ ስፌት ብቻ ነው።

«ይሄን ለአንድ ሳምንት ታውሰኛለህ?» አሉኝ።

አንገቱን ሰፍተው መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። እትዬ ሠናይት «አሥራ ዘጠኝ ክረምት» ብለው ጽፈው ለጠፉበት።

ይኸው ወር ሆነው። ገበያው ካልተመለሰ አላወርደውም ብለዋል። እባካችሁ ደብረ ብርሃን ስትመጡ ጎራ ብላችሁ ልበሱትና የራሳችሁን እዘዟቸው። አባቴን በርዶታል።