ሳሩን ያጨደልን

ዛሬ ጠዋት ከድንኳናችን ስወጣ፣ ራስጌዬ ከነበረበት አንድ ስንዝር ርቆ ውሃ የቋጠረ የጉማሬ ኮቴ አገኘሁ።

ትናንት እኔና ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ቡሹሎ የሚባለው ቦታ፣ ሐይቁ ዳር ልናድር ሄደን ነበር። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሳሩ አጭር፣ ልክ እንደ ምንጣፍ። «ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያጨደልን?» ብዬ አመስግኜም ነበር።

ሌሊት ማንኮራፋቱ ሲበዛብኝ ባሌን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። (የለመደው ነው።)

ጠዋት ኮቴውን ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ የምታንኮራፊው አንቺ መስለሽኝ ነው። ዓይኔን አልከደንኩም» አለኝ።

በድንኳኑ ዙሪያ ያለው ሳር እስከ ገመዱ ድረስ ተግጦ አድሯል።

ዕቃችንን ሰብስበን ልንሄድ ስንል ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናትና ሰማያዊ ድንኳን ይዘው በባጃጅ ደረሱ። ነገርናቸው። አባትየው ሳቀ። «ጉማሬ ሰው አይበላም፣ እህቴ። ደግሞ ሳሩን አላየሽውም? ለልጆቹ እንዴት ይመቻል!»

ይበላል አላልኩም እኮ።

እኛ ከተማ ገብተናል። አሁን እየመሸ ነው፤ ስልካቸውን እንኳን አልተቀበልኩም።

ሐይቅ ዳር አድራችሁ የምታውቁ፣ የገጠማችሁን ጻፉልኝ። ቡሹሎ ያላችሁ ግን መጀመሪያ ያንን ሰማያዊ ድንኳን እዩልኝ።