ጎባ የተማርኩት የጊታር አያያዝ

ፖሊሶች የያዙኝ ሮቤ ገበያ ካለው የልብስ ስፌት ሱቄ ነው፤ ከተማው አድማ በመታ ማግስት። «ትናንት ለምን ዘጋህ?» አሉኝ። «ሁሉም ዘግቶ ነበር» አልኩ። እጄን ወደኋላ አስረው ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ። ጎባ እስር ቤት ስንደርስ ገመዱ የግራ እጄን አንጓ በልቶት ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም ነበር።

የክፍሉ ሲሚንቶ እርጥብ ነው። ሽንትና የበሰበሰ ጫማ ይሸታል። ከተራራው የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ስር ይገባል። ጥግ ላይ ጊታር ተደግፎ አየሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለእስረኞች ጸሎት ያመጡት ነው፤ ቀን ቀን እንዲጫወቱበት ተፈቅዷል። የሚጫወተው እኩያዬ የሆነ የጎባ ሰው ነበር፤ መዝሙርና ሰርግ ያሳደገው።

እኔን ያስጨነቀኝ እጄ ነው። ልብስ ሰፊ በግራ እጁ ጨርቁን ካልመራ ምን ይበላል? ቁልፍ መቆለፍ እንኳ አቅቶኝ ነበር። ጣቶቼን ሳሽ አየኝና ጊታሩን ይዞ መጣ።

«ወንድሜ፣ ና እናሠራቸው።»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፤ መዝሙር አላውቅም።»

«መዝሙር ማን አለህ? ጣት ነው ያልኩህ» ብሎ ሳቀ።

ስይዘው ጎበጥኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የስፌት መኪና ላይ ያጎነበስኩ ሰው ነኝ፤ የጊታሩን ክሮች ለማየት አንገቴን ቀበርኩ። አንጓዬ ታጠፈ፤ ሕመሙ እስከ ብብቴ ወጣ።

«ሱታ፣ ቀስ» አለኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። «አንተ ወደ ጊታሩ አትሂድ፤ እሱ ወደ አንተ ይምጣ።»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠኝ። የጊታሩን ወገብ ቀኝ ጭኔ ላይ አሳረፈ፤ ጀርባውን ደረቴ ላይ አስጠጋ፤ አንገቱን ትንሽ ቀና አደረገው።

«ግራ እጅህ ተሸካሚ አይደለም። ልቀቀው።»

ለቀቅኩ። አልወደቀም፤ የቀኝ ክንዴ ክብደት ብቻውን ያዘው። ከዚያ አውራ ጣቴን ከአንገቱ ጀርባ አኖረ፤ አንጓዬን አቃና፤ ትከሻዬን በመዳፉ ወደታች ተጫነ።

«ካመመህ አያያዝህ ተሳስቷል። አትታገለው፤ አስተካክለው።»

በየቀኑ ሠራሁ። ክሩ ጣቶቼን ላጣቸው፤ በኋላ ደነደኑ። አንድ ጠዋት ትንሿ ጣቴ ታዘዘችና ክሩ ጥርት ብሎ ጮኸ። የክፍሉ አለቃ የነበረው እስረኛ ሳይቀር አጨበጨበ።

ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዬን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት። ልብሱን እየሰበሰበ «ትከሻህን» አለኝ። ለሌላ ቃል ጊዜ አልሰጡንም።

ከዚያ እስር ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ግቢው ውስጥ አንገታችንን ደፍተን ቁጢጥ አልን። የጥበቃው ኃላፊ ጊታሩን አስመጥቶ ሰጠኝ።

«ተጫወት፤ እንግዶቹ ይስሙ።»

ተነሳሁ። «የምቀመጥበት ያስፈልገኛል።»

«እዚያው ቁጢጥ ብለህ ተጫወት!»

«እንዲህ አይያዝም።» ተመልሼ ቁጢጥ አላልኩም።

የክፍላችን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ባልዲ አመጡልኝ። ማንም አልከለከላቸውም። ተቀመጥኩ። ጀርባዬን አቀናሁ፤ ትከሻዬን ለቀቅኩ። የማውቃቸውን ሁለት ኮርዶች ቀስ ብዬ ተጫወትኩ፤ ደገምኳቸው።

«ይኸው ነው?» አለ አንዱ እንግዳ።

«እስካሁን ይኸው ነው» አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

በዚያው ቀን ጊታሩን ወሰዱብን፤ እኔንም ለብቻዬ አሰሩኝ። እዚያም ጣቶቼን ጭኔ ላይ አሠራቸው ነበር።

ዛሬ ሮቤ፣ ሱቄ ውስጥ እሰፋለሁ። ጨርቁን የሚመራው ግራ እጄ ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ወንበሬን ከስፌት መኪናው አዙሬ የገዛሁትን ጊታር አነሳለሁ። አስተማሪዬም ከኔ በኋላ ተፈትቷል። ከጎባ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጠኛል። ስለ እስሩ ብዙም አናወራም።

«አራተኛዋ ኮርድ ላይ አሁንም ትዘገያለህ» ይለኛል።

«አውቃለሁ» እለዋለሁ። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።